ክቡር ፊሽካ

ጥርጣሬ በሽታ ቢሆን ኖሮ የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኛ ዕድሜ ልኩን ሐኪም ቤት ደጃፍ አይደርስም ነበር። ሐኪም እንኳ «እስኪ መጀመሪያ ውጤቱን እንየው» ይላል። የፍርድ ቤት ዳኛም ካባ ደርቦ፣ መዝገብ አገላብጦ፣ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ነው የሚፈርደው። የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኛ ግን ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከከተተ ከሰው ተራ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ እውነት ነው፤ ያላየው ነገር ደግሞ አልተፈጠረም።

ታውቁታላችሁ። ልጅ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የሌላችሁም ብትሆኑ ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን የሚቀማችሁ እሱ ነው።

የኛውን «ክቡር ፊሽካ» ነበር የምንለው። ነበር ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ዕድሜ ይስጠው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ልጆች ሲዳኝ ኖሮ በቅርቡ ፊሽካውን አስነጠቅነው። ወላጆች ተሰብስበን፣ ከሰን፣ አስነጠቅነው። የክሱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምኖረው በብዕሬ ስለሆነ «አንተ ጻፍልን» አሉኝ፤ እኔም ልመናውን ሁለተኛ አላስደገምኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ደብዳቤ ያማረልኝ ጽሑፍ የለም። እንደሱ የሚያንገበግበኝም የለም።

ሰውየው አጭር ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት በሞላቸው ልጆች መሀል ሲቆም የሚለየው በፊሽካውና በተተኮሰ ሱሪው ብቻ ነው። አይሮጥም። «ዳኛ አይሮጥም፤ ጨዋታው ወደ ዳኛው ይመጣል» ይላል። ስለዚህ ሜዳው መሀል ላይ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ይቆምና ልጆቹ በዙሪያው ይተራመሳሉ። ፊሽካውን ሲነፋው ግን፣ ወይ ጉድ! ያ ትንሽ ደረት ያን ሁሉ ትንፋሽ የት እንደሚያስቀምጠው እንጃ። አንድ ጊዜ አጠገቡ የነበረ የውጤት መዝጋቢ እስክሪብቶውን ጥሎ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል።

ከነፋ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። አሰልጣኝ ቢለምን፣ ወላጅ ቢጮህ፣ ልጅ ብታለቅስ፣ መልሱ አንድ ነው፦ «የተነፋ ፊሽካ አይዋጥም።»

አንድ ቅዳሜ አንዲት ልጅ ቅጣት ምት ልትወረውር ኳሱን ይዛ ቆማለች። ሌሎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ኳሱ ከእጇ ሳይወጣ ፊሽካው ጮኸና ክቡርነታቸው ወደ አንዲት መለሎ ልጅ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ምን አደረግኩ?» አለች ልጅቷ።

«ልትገፊያት ነበር።»

«አልገፋኋትም እኮ!»

«ስለነፋሁ ነዋ!»

እኛ ወላጆቹ ጉድ አልን። ልጅቷ ግን ትንሽ አሰበችና ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «እውነቱን ነው እኮ፣ እንዴት አወቀ?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ኳሱ ቀለበቱና ሰሌዳው መሀል ተሰንቅሮ ቀረ። ሕጉ ምን እንደሚል የአምስት ዓመት ልጅ ያውቃል፤ ኳሱን አውርደህ ጨዋታ ታስጀምራለህ። ክቡር ፊሽካ አንጋጦ አየው፣ አየው፣ አየውና አንድ ነጥብ ሰጠ። «ግማሹ ገብቷል፣» አለ። ሁለቱም አሰልጣኞች አበዱ። አንደኛው የሕጉን መጽሐፍ ገልጦ አፍንጫው ሥር ደቀነበት። ክቡርነታቸው መጽሐፉን እንኳ አላዩትም።

«ይህን የጻፈው ሰው አሁን እዚህ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እኔ ነበርኩ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

የሚገርመው መተዳደሪያው ነው። ሰውየው መነጽር ሠሪ ነው። ከሜዳው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ሱቅ አለው፤ የሰፈሩን ሰው ዓይን የሚለካው እሱ ነው። ሌላ ሜዳ ላይ ዳኛ ሲያጠፋ «መነጽር ግዛ!» ተብሎ ይሰደባል። የኛ ሰው ይህን ስድብ ሲሰማ ጨዋታ ያቆማል። አንዲት ነርስ አለች፣ ከወላጆች ሁሉ ድምፀ ጎርናና፤ አንድ ቀን «ኧረ መነጽር ይግዙ፣ ጋሼ!» ብላ ጮኸችበት። ፊሽካ ነፋ፣ ሰዓት አስቆመ፣ እስከ መቀመጫዋ ድረስ ሄደና «ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ነኝ። ይምጡ፣ እለካዎታለሁ» ብሏት ተመለሰ። ሄደችም። ከዚያ ወዲያ በአዲስ መነጽር፣ የበለጠ አጥርታ እያየች ትሳደብ ጀመር።

እኔም ደንበኛው ነኝ፤ ስለዚህ የሱቁን ሰው አውቀዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ፍጡር ነው። ወንበር ላይ ያስቀምጥሃል፣ ዓይንህ ፊት የመነጽር መስተዋት ይቀያይራል፣ ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ይኼ ይሻላል፣ ያኛው?» ይልሃል። «እርግጠኛ ነዎት? እስኪ እንደገና ልመልሰው። ይኼ? ወይስ ያኛው?» ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲጠይቅ ይውላል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ያጠራቀመውን መልስ ሁሉ ልጆቻችን ላይ ይዘረግፈዋል።

ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ የላቸውም። ቅዳሜ ባይኖር ሰውየው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስንፈርምም እናውቅ ነበር። ከጨዋታ በፊት አንድ ልማድ ነበረው፦ ልጆቹን በሙሉ አሰልፎ የጫማቸውን ማሰሪያ ያያል። የላላባት ካገኘ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ እያቃሰተ ይንበረከክና ራሱ ደጋግሞ ያስርላታል። እኛ ከላይ ሆነን «ሰዓት አባከነ» እያልን እናጉረመርም ነበር።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ።

የሚያሸንፈው ቡድን ለፍጻሜ የሚያልፍበት ጨዋታ ነበር። አርፍጄ ስለመጣሁ ቦታ አጥቼ የመጨረሻው፣ የላይኛው መደዳ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ልጄ ያን ቀን እሳት ሆና ዋለች። ኳስ ስታስገባ እየዘለልኩ «የኔ ልጅ!» እላለሁ፤ እጄ እስኪቃጠል አጨበጭባለሁ። እንዲህ ስትጫወት አይቻት አላውቅም።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ቅርጫቱ ሥር ተጋፉ። ከባላጋራ ቡድን አንዷ ወደቀች። ፊሽካው ጮኸ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው አራት ጣት አሳዩ፦ አራት ቁጥር፣ አምስተኛ ጥፋት፣ ውጪ! አራት ቁጥር ልጄ ናት። ልጄ ደግሞ ከወደቀችው ልጅ ሦስት ሜትር ርቃ፣ ሁለት እጇን አንስታ ኳስ ስትለምን ነበር! ልተወው? እንዴት አድርጌ? ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ።

«አይቻለሁ! አልነካቻትም! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«ይቀመጡ፣» አለኝ። «የተነፋ ፊሽካ አይዋጥም።»

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ልጄ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አቀፍኳት። «አይዞሽ፣ እኔ አይቻለሁ፤ አልነካሻትም» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ያን አንገት መድፋት እንደ በደል ቆጥሬው ደሜ ፈላ።

ደብዳቤውን በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። «እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ወላጆች» ብዬ ጀምሬ «ዓይን ያለው ሁሉ የመሰከረው በደል» ብዬ ጨረስኩ። ሃያ ሦስት ሰው ፈረመ። ከሃያ ሦስቱ ያን ጥፋት ልብ ብሎ ያየ አንድም አልነበረም። ነርሷ የፈረመችው ባለፈው ዓመት ስለተሻረባት ነጥብ ነው፤ ሌላው ስለ ልጁ፣ ሌላው ስለዚያ የተሰነቀረ ኳስ። ሁሉም የየራሱን ቂም ነው የፈረመው። እኔ ለቂማቸው ቋንቋ ሰጠሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ የወጣቶች ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠራን። ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የካቻምና የቀን መቁጠሪያ፣ የማይዞር የጣሪያ ማራገቢያ። ልጄም እንድትገኝ ስለተባለ አጠገቤ ተቀምጣለች። ክቡር ፊሽካ ከፊት ለፊታችን፣ ሱሪው ተተኩሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ አነበበ። በሰው አፍ ስሰማው ይበልጥ አማረኝ፤ አይደበቅም።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ማለዘብ ፈልጎ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ነዎትና ሊሳሳቱ ይችላሉ። ‹ተሳስቼ ሊሆን ይችላል› ይበሉንና በማስጠንቀቂያ እንለፈው። ፊሽካዎም እዚያው አንገትዎ ላይ ይቆይ።»

በልቤ «በለው፣ በለውና ገላግለን» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜስ አሳዘነኝ።

«አልተሳሳትኩም፣» አለ።

ሰብሳቢው ተንፍሶ ወደኔ ዞረ። «እርስዎስ? በትክክል አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ክቡር ፊሽካ ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ልጄን፣ ከዚያ መልሶ እኔን። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፤ እዚያው ቆየ።

«የሚጨምሩት ነገር አለ?» ሰብሳቢው ጠየቀው።

«የለም።»

ልጄን ማንም አልጠየቃትም። «ልጅ አይመሰክርም» ተባለ። እንድትመጣ ለምን እንዳዘዙ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ተነጋገሩና ወሰኑ፦ ከማንኛውም የልጆች ጨዋታ ዳኝነት ይነሣ። ፊሽካው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ይመልስ። ከአንገቱ አወጣው። መስተዋት በሚወለውልበት ጨርቅ በደንብ ጠረገው፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያሸነፍኩ እኔ ነኝ፤ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ልጄ ቀድማኝ ደረጃውን ስትወርድ፣ ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ «አንድ ጊዜ» ብሎ ጠራኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ከኮቱ ኪስ የመነጽር ማኅደር አወጣና ሰጠኝ።

«ደርሷል። ሁለት ጊዜ ደወልኩልዎት፣ አላነሱም።»

ያኔ ትዝ አለኝ። መነጽሬን ለእድሳት የወሰድኩለት ከጨዋታው በፊት በነበረው ሰኞ ነው። ያን ቅዳሜ አድርጌ የሄድኩት ከመሳቢያ ያወጣሁትን፣ የድሮውን ነበር።

«ግራ ዓይንዎ በጣም ደክሟል፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በድሮው መነጽር ከሩቅ ሰው መለየት ይከብዳል። መንገድ ሲሻገሩ ይጠንቀቁ።» ይህን ብሎኝ ሄደ።

መንገድ ላይ ልጄ ድንገት ቆመች።

«አባዬ፣ ነክቻታለሁ እኮ።»

«ማንን?»

«ያችን ልጅ። በክርኔ ገፍቻታለሁ። ልወድቅ ስል ነው፤ ግን ገፍቻታለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ ከላይ ስትወርድ ጀምሮ ‹አይቻለሁ› ነው የምትለው።»

በማግስቱ በሩ ሲከፈት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ክሴን አነሣለሁ አልኩ። ሰብሳቢው በሐዘኔታ አየኝ። ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ አይነሣም፤ ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞ አንድ ሰው ቢመለስ ሃያ ሁለት ይቀራል፤ የሚመጣው ዓመት ማመልከት ይቻላል። ፊሽካው ከጀርባው መደርደሪያ ላይ፣ የወረቀት መብሻው አጠገብ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ለሦስተኛ ደረጃ ስንጫወት አዲስ ዳኛ መጣ። ትሑት ወጣት ነው፤ ይሮጣል፣ ሕጉንም በቃሉ ያውቃል። ችግሩ በነፋ ቁጥር ዞር ብሎ እኛን ያየናል። ጮክ ብሎ ለጮኸ ይፈርዳል። በመጀመሪያው ሩብ ሦስት ውሳኔ ሻረ፤ በሁለተኛው ነርሷ ሆነች ዳኛዋ። ልጆቹ ገባቸው። ፊሽካው የሚዋጥ መሆኑን ሲያውቁ ክርን ለክርን ተያያዙ፤ አንዷ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ወጣች። እኛም እርስ በርስ ልንደባደብ ምንም አልቀረን። ያ አጭር ሰውዬ ለካ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥላቻችንን ሁሉ ለብቻው ሲሸከምልን ኖሯል። እሱን እየጠላን እርስ በርሳችን ስንዋደድ ነበር።

ሰኞ ሱቁ ሄድኩ። ብቻውን ሆኖ መስተዋት ይሞርዳል።

«ልጄ ነግራኛለች። ነክታታለች። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«በቀኝ ክርኗ፣» አለ፤ ከሥራው ቀና አላለም።

«እኔ እኮ ይቅርታ እያልኩዎት ነው!»

«ሰምቻለሁ። ትክክል መሆኔን ለማወቅ እርስዎን መጠበቅ ነበረብኝ?»

እስኪ ፍረዱኝ! ይቅርታ ልትጠይቀው ሄደህ እንደገና ልትከሰው ያምርሃል። ልወጣ በሩን ያዝኩና አልቻልኩም፤ ተመለስኩ።

«መነጽሬ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ ክሱ እዚያው ይፈርስ ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

መስተዋቱን ወደ መብራቱ አነሣና አየው፤ እፍ ብሎ ጠረገው።

«ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጣለች። ‹አባትሽ አያይም› ልበላት?»

ግንባሩን ልስመው አሰብኩ፤ ደግሞ ቢነፋብኝስ ብዬ ተውኩት። ወደድኩት። ይኸው በአደባባይ እጽፈዋለሁ፦ ያን ደረቅ፣ ያን ግትር፣ ግማሽ ግብ የሚቆጥር ሰውዬ ወደድኩት፤ የወደድኩት ካጠፋሁት በኋላ ነው። ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

«ሱቅ እከፍታለሁ፣» አለኝ። «አልለመዱም መሰለኝ፣ ሰው አልመጣም።»

ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እሱ ያልነገራትን እኔ መንገር ነበረብኝ።

«ያን ቅዳሜ አድርጌ የነበረው የድሮውን መነጽር ነው። አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ምንም አላየሁም።»

«አውቃለሁ፣» አለች እርሳሷን ሳታስቀምጥ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዘጠኝ ቁጥር ኳስ ባስገባች ጊዜ ሁሉ እየዘለልክ ‹የኔ ልጅ!› ስትል ነበራ። እኔ ያን ቀን አንድም አላገባሁም፣ አባዬ።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዋን ሰበቀች።

«ደስ ብሎህ ነበራ።»